ሐሰት ያልኩት እውነት

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ከፊታቸው ቀርቤ ትንንሹን ኃጢአቴን እዘረዝራለሁ፤ ሰው አማሁ፣ ተቆጣሁ፣ ረቡዕን ሻርኩ። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው ይሸኙኛል። ትልቁ ግን አንድም ቀን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳትም። አሁን ለአንተ፣ ለማላውቅህ አንባቢ እናገራለሁ። ለምን ለአንተ? ስለማታውቀኝ ይቅር ለማለት አትቸኩልም ብዬ ይሆናል።

የአይሲቲ መምህር ነኝ። ከሰሜን ሸዋ ተመድቤ ጭሮ ከመጣሁ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ልጆቼ እዚሁ ተወልደው ከእኔ ይልቅ ኦሮምኛው ይቀናቸዋል። እኔ ለገበያና ለሰላምታ የሚበቃ አለኝ፣ ከዚያ አልፌ አልተማርኩም፤ ይህም አንዱ ስንፍናዬ ነው። በከተማው የታወቅሁት ግን በማስተማሬ አይደለም። አንድ ሰሞን «ፈተና ተሰርዟል» የሚል ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ ተነዝቶ ተማሪዎቼ ቤታቸው ቀሩ። እኔ ወሬው ከየት እንደተነሳ ተከትዬ ሄጄ፣ ማን እንደፈበረከው አግኝቼ፣ በስልኬ ቻናል ከፍቼ ጻፍኩት። ልጆቹ ተመለሱ። ወላጆች አመሰገኑኝ። ከዚያ ወዲያ የከተማው ወሬ ሁሉ ወደ እኔ ይጎርፍ ጀመር።

ሥራዬ ቀላል ነበር። ሰው ያጠራጠረውን ጽሑፍ ይልክልኛል፣ እኔ አጣርቼ በላዩ ላይ በቀይ ጉልህ ፊደል «ሐሰት» ወይም በአረንጓዴ «እውነት» ብዬ እለጥፋለሁ። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ «ቲቸር፣ ይቺን ነገር እያት እስቲ» ብሎ ስልኩን ወደኋላ ያቀብለኛል። ጫት ተራ ሳልፍ ሴቶቹ ይጠሩኛል። ሰው ሲከራከር «መምህሩ ምን አለ?» ይባባላል፤ እኔ ካልኩ አለቀ። ይህ ነገር ይጣፍጣል። እንዳልጣመኝ አድርጌ ብነግርህ ገና ከመነሻው እየዋሸሁህ ነው።

ለተማሪዎቼም አንድ ሕግ አስተምር ነበር፦ ጽሑፍ ከማመናችሁ በፊት ፎቶውን መርምሩ፤ ፎቶው ከዋሸ ወሬውም ዋሽቷል። በክፍል ውስጥ ደጋግሜ አስብላቸዋለሁ። ይህን ሕግ ከተማሩት ልጆች አንዱ ጀማል ነበር። ጎበዝ፣ ዝምተኛ፣ ጥያቄውን ሁሉ ጽፎ የሚያመጣ ልጅ። ተመርቆ በአሰቦት በኩል፣ ቆላው ውስጥ፣ በተወለደባት ቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር።

በበጋ አንድ ቀን ጀማል በገጹ ላይ ጻፈ። በቀበሌያቸው የተተከለው አዲሱ ቦኖ ውሃው መርዝ እንዳለበት፣ የጠጡ ፍየሎችና ላሞች እየሞቱ እንደሆነ፣ ሕፃናትም እንደሚያስመልሳቸው፣ ተመርምሮ እስኪታወቅ ሰው እንዳይጠጣ። ከጽሑፉ ሥር ከውሃ ገንዳ አጠገብ የወደቁ ከብቶች ፎቶ ነበር። ቦኖው በዚያው ወር ነው የተመረቀው፤ ሪባን ተቆርጦለታል፣ ተጨብጭቦለታል። በአንድ ቀን ውስጥ ያን ጽሑፍ ከሃያ ሰው በላይ ላከልኝ። «ቲቸር፣ እውነት ነው?»

ፎቶውን በኢንተርኔት ፈለግሁት። ከሌላ አገር ነበር። ከዓመታት በፊት በድርቅ ጊዜ የተነሳ ፎቶ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ያን ፎቶ ሳገኝ ልቤ በደስታ ዘለለ። ለጀማል አልደወልኩለትም፤ ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ ነበር። ወደ ቀበሌው የሚደውል ሰው አልፈለግሁም። በቀዩ «ሐሰት» ብዬ ለጠፍኩበት፤ ከሥሩም «የገዛ ተማሪዬ ትምህርቱን ረስቶ ሳየው አዘንኩ» የምትል ሽሙጥ ጨመርኩ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አሳምሬ ጻፍኳት። ስለ ውሃው ምን ያህል ጊዜ አሰብኩ? አንድም ጊዜ። ያየሁት ፎቶውን ነው።

እስከዚህ ያለውን ስሕተት በለው። ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ብዙ ጊዜ እንዲህ እያልኩ ራሴን ሸንግያለሁ። ኃጢአቱ ከዚህ በኋላ ነው።

ጀማል በማግስቱ ተያዘ፤ ሕዝብ የሚያሸብር የሐሰት መረጃ በማሰራጨት። በሦስተኛው ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች ትምህርት ቤት መጡ። የለጠፍኩትን በወረቀት አትመውታል። «ይህ የእርስዎ ነው?» አሉኝ። የእኔ ነው አልኩ። «እንግዲህ በባለሙያነትዎ አጣርተው ሐሰት መሆኑን እንዳረጋገጡ ይፈርሙልን።» ፈረምኩ። ምን አጣራሁ? ፎቶ። ወረቀቱ የሚለው ግን «መረጃው ሐሰተኛ መሆኑ ተረጋግጧል» ነው። አነበብኩት፣ ልዩነቱም ታየኝ፣ ፈረምኩ። ሰዎቹ ሲወጡ በሳምንቱ ማክሰኞ በአዳራሽ ስብሰባ ላይ የምስጋና ምስክር ወረቀት እንደሚሰጠኝ ነገሩኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘበኛው አንድ ሽማግሌ ከበር ቆመው እንደሚፈልጉኝ ነገረኝ። የጀማል አባት ናቸው፣ ኦቦ አደም። ከቆላው እስከ መኪና መንገድ በእግራቸው፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ ሆነው ነው የመጡት። ሽርጣቸው አቧራ ለብሷል። ልጄን አስፈታልኝ ብለው የሚያለቅሱ መስሎኝ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር የወጣሁት።

«አካም ጅርታ፣ መምህር» አሉኝ። ከዛፉ ሥር ተቀመጥን። በቆላው ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ወሬ የሚጠያየቀው በወግ ነው፤ ያየውን ለብቻ፣ የሰማውን ለብቻ ይናገራል፣ ከማን እንደሰማም ይጠራል። ቀላቅሎ የተናገረ ሰው ሁለተኛ አይጠየቅም። ይህን ድሮም ሰምቼ አውቃለሁ። ኦቦ አደም በዚያው ወግ ጀመሩ።

«መምህር፣ በዓይኔ ያየሁትን እነግርሃለሁ። ሦስት ፍየል፣ አንድ ላም። ጠዋት ከቦኖ ጠጡ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ወደቁ። አፋቸው አረፋ ነው። የጎረቤት ልጅ ጠጣ፣ ሁለት ቀን አስመለሰ፣ የዓይኑ ጥቁር ትንሽ ሆነ፣ እንደ መርፌ ጫፍ። ይሄን አይቻለሁ። አሁን የሰማሁት። ሱቅ ያለው ሐሰን ነው የነገረኝ፣ እሱ አይቷል። ከውሃው ማጠራቀሚያ በላይ አንድ መጋዘን አለ፣ የአንበጣ መርዝ በርሜል እዚያ ቀርቷል፣ ያፈሳል። እኔ በርሜሉን አላየሁም። ሰው ሞቷል ይላሉ፣ የሞተ ሰው አላየሁም፣ ሞተ አልልም።»

መሬቱን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉ።

«ፎቶው የኛ አይደለም። ጀማል ሊያነሳ ነበር፣ እኔ ነኝ አታንሳ ያልኩት። የወደቀ ከብት ለሰው ዓይን አይሰጥም፣ እኛ ጋ ነውር ነው። እሱ እኔን ፈርቶ የሰው ፎቶ አመጣ። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጁን ተው፣ ይታሰር፣ አላህ ያውቃል። እኔ የመጣሁት ለውሃው ነው። ሴቶቹ ቦኖውን ትተው ወደ ድሮው ወንዝ ይሄዱ ነበር፣ ሩቅ ነው። አሁን መምህሩ ውሸት ነው ብሏል ብለው ተመለሱ። የሌላው ልጄ ሚስትም ተመለሰች፣ እምቢ አለችኝ። ያንን ቃል አንሳልን።»

አንባቢ ሆይ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ምስክርነት ሰምቼ አላውቅም። ያዩትን፣ የሰሙትን፣ የማያውቁትን ለይተው፣ በራሳቸው ላይ ፈርደው፣ ልጃቸውን እንኳ ወደ ጎን ትተው ነበር የተናገሩት። እኔ ለተማሪዎቼ ላስተምረው ስጥር የኖርኩት ይህንኑ ነበር። አመንኳቸው። ንግግራቸው ሳያልቅ አመንኳቸው። ከዚያም አፌን ከፍቼ ምን አልኩ? «ኦቦ አደም፣ ነገሩ ማስረጃ ይፈልጋል። አጣርቼ አያለሁ፣ እርስዎ አያስቡ።»

አመስግነውኝ ሄዱ።

ላጣራ አልኩ፤ አጣራሁም። ይህን መደበቅ አልችልም። በዚያች ቀበሌ አቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ለሚስቴ የሩቅ ዘመድ ናት። ያኑ ከሰዓት ደወልኩላት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በዚህ ሳምንት አራት ሕፃናት መጥተውብናል፤ መርዝ ነው የሚመስለው። ግን ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ስሜን እንዳትጠራ። ያ የእንስሳት ሐኪም የሆነው ልጅ የደረሰበትን እያየህ» አለችኝ። ያ ልጅ የደረሰበት ከእኔ ነው። እሷም አፏን የዘጋችው በእኔ ምክንያት ነው። በዚያ ቆላ እውነቱን የሚያውቅ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ባለሱቁ፣ ነርሷ፣ ከብት የሞተበት ሁሉ። አንዱ ተናግሮ ሲታሰር ሌላው ዋጠው። ስልካቸው ውስጥ የእኔን ቀይ ጽሕፈት ይዘው ዝም አሉ።

እንግዲህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አውቄያለሁ። ጥርጣሬ አልቀረኝም። ስልኬ እጄ ላይ ነበር። «ተሳስቻለሁ፣ ቦኖውን አትጠጡ» ብሎ መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ጽፌውም ነበር። ጻፍኩት፣ አነበብኩት፣ ማክሰኞ አዳራሹ ትዝ አለኝ፣ አጠፋሁት። ፈርሜያለሁ እኮ፤ አሁን ቃሌን ባጥፍ እነዚያ ሰዎች ምን ይሉኛል? ሕዝቡስ ነገ «እውነት» ስል ማን ያምነኛል? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ነገሩ፣ ማክሰኞ ይለፍ፣ ረቡዕ በዘዴ አስተካክላለሁ አልኩ። አምስት ቀን ምንም አይደለም አልኩ። በበጋ፣ በዚያ ቆላ፣ ሕፃን በአምስት ቀን ስንት ጊዜ ውሃ ይጠማዋል? ይህን አልጠየቅሁም። አሁን ነው የምጠይቀው።

አርብ አስተማርኩ። ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። ሰኞ ልብሴን አስተኮስኩ። ማክሰኞ አዳራሽ ውስጥ ስሜ ተጠርቶ ወጣሁና በሕዝብ ፊት ስለ እውነት ተናገርኩ። ስለ እውነት! አጭር ንግግር ነበር፣ ተጨበጨበልኝ።

ረቡዕ ጠዋት ነርሷ ለሚስቴ ደወለችላት፣ ሚስቴም እንደማንኛውም ወሬ ቁርስ ላይ ነገረችኝ። በዚያ ቀበሌ አንዲት ሕፃን ማክሰኞ ሞታለች። እሑድ ነው የታመመችው። ስሟ ፋጡማ፣ ዕድሜዋ አራት፣ የአንድ አደም የሚባሉ ሽማግሌ የልጅ ልጅ፤ የታሰረው ልጅ የወንድሙ ልጅ። ሚስቴ «ውይ፣ ምስኪን» ብላ ሻይ ቀዳችልኝ። እኔም ጠጣሁ።

እናቷ ቦኖውን ትታው ነበር እኮ። በእኔ ቃል ነው የተመለሰችው። አማቷ አትጠጪ ሲሏት እኔን አምና እምቢ አለች።

በአገሬ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል። ልጅ ሆኜ አባቴ ሲለው ኩራት ይሰማኝ ነበር። ቃሉን የሚያከብር ሰው የራሱን ይከፍላል ማለት ነው። እኔ ግን የተናገርኩት እንዳይጠፋብኝ የሰው ልጅ አጠፋሁ። ልጆቼ በሙሉ ደኅና ናቸው።

ከዚህ በኋላ ጽፎ ይሆናል፣ በግልጽ ይቅርታ ጠይቆ ይሆናል ብለህ ተስፋ እንዳታደርግ። በሚቀጥለው ሳምንት ውሃው ተመረመረ፣ ቦኖው ያለ ብዙ ወሬ ተዘጋ፣ በርሜሎቹ ተጫኑ። እኔም የለጠፍኩትን ያለ ወሬ ሰረዝኩት። ሰረዝኩት እንጂ አላረምኩትም። «ቲቸር፣ ያ የውሃው ነገር ምን ደረሰ?» ብሎ የጠየቀኝን አንድ ሰው ከቻናሉ አስወጣሁት። ከዚያም ሰው ሁሉ ከማጋራቱ በፊት ማጣራት እንዳለበት የሚመክር ረጅም ጽሑፍ አወጣሁ፤ ብዙ ሰው ወደደው። ስለ ሐሳብ ነጻነትም በክፍል አስተምራለሁ፣ በሥርዓተ ትምህርቱ አለ።

ጀማል ከወራት በኋላ ተፈታ። ክሱ ቀረ፣ ሥራው ግን አልተመለሰለትም፤ መዝገቡ ውስጥ መረጃው ሐሰት መሆኑን ባለሙያ ያረጋገጠበት ፊርማ አለ። ያ ፊርማ እስካለ ድረስ «ሐሰተኛ» ነው። እኔ አንድ ገጽ ጽፌ ብሰርዘው ይመለስ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩም። ምክንያቴን ልደረድርልህ እችላለሁ፦ እንጀራዬ፣ ልጆቼ፣ እኔም ልከሰስ እችላለሁ የሚል ፍርሃት። ምክንያት አላጣም። አንዱም ግን እዚህ አይገባም።

ባለፈው ወር ከገበያ ስመለስ አንድ ባጃጅ አስቆምኩና ገባሁ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ጀማል ነበር። ልውረድ ብዬ እጄን ወደ ብረቱ ሰደድኩ፣ እሱ ግን «ቲቸር፣ ደኅና ነዎት?» አለኝ፣ በዚያው በድሮው አክብሮት። ለመናገር ያህል አባትህ እንዴት ናቸው አልኩት። የምጠይቀው ነገር ማጣቴ ነው።

«ዐርፈዋል፣ ቲቸር። በጥቅምት።»

ነፍስ ይማር ሳይሆን ሌላ ነገር ማለት እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን እሱ ነው። ጀማል ምንም አልመሰለው። ወደ ቁልቁለቱ እየነዳ፣ ወደ እኔ ሳይዞር ይናገር ጀመር።

«እርስዎ ጋ መምጣታቸውን ከተፈታሁ በኋላ ነው የነገሩኝ። እስኪሞቱ ድረስ አንድ ነገር ይሉ ነበር። ‹አማርኛዬ ነው ልጅቷን የገደላት› ይላሉ። ‹መምህሩ ደግ ሰው ነው፣ በደንብ አዳመጠኝ፣ ግን እኔ በደንብ አልነገርኩትም። ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይዤ ብሄድ ኖሮ ይገባው ነበር› ይላሉ። ሰው ሁሉ ተዉት ቢላቸው አይሰሙም። የወንድሜን ሚስት ራሱ ይቅርታ ጠየቋት፣ አማርኛ ባለመማሬ ብለው።» ከዚያ ትንሽ ሳቅ አለና «ያን ቀን ጊዜዎን ስላባከኑብዎት ቅር አይበልዎ፣ ቲቸር» አለኝ።

ቤቴ በር ላይ አወረደኝ። አመሰገንኩት። አልነገርኩትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ ብልህ ለራሴ ማዘኔ ይሆናል፤ ተወው። ትናንት ያን ፊርማ የሚሰርዝ ደብዳቤ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገባሁ። ፎቶውን ብቻ እንዳየሁ፣ ውሃውን እንዳላጣራሁ፣ ኋላም አጣርቼ እያወቅሁ እንደደበቅሁ ከነቀኑ ጻፍኩ። የሚመጣው ይምጣ። ይህንንም ጽሑፍ ዛሬ በቻናሉ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ከዚያም እዘጋዋለሁ። ሽማግሌ ልኬ ጀማልን ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። በዚህ አገር ሽማግሌ ከደጅ ቆሞ እምቢ አይባልም። ይቅር ይለኛል፣ ሳይወድ ይቅር ይለኛል። ያንንም ልወስድበት አይገባም። ይቅርታ የምለምናት ሕፃን የለችም፤ ሽማግሌውም የሉም።

ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። አንድ የምነግረው ብቻ አለኝ፣ ለጀማልና ለፋጡማ እናት። አባታችሁ በደንብ ነግረውኛል። ያሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ፣ አንድም ቃል አላመለጠኝም። አማርኛቸው ምንም አልጎደለውም ነበር።